የሊፒድ ፕሮፋይል ምርመራ በድሬዳዋ፦ ለወረቀቱ ከመክፈልዎ በፊት

ድሬዳዋ ውስጥ «ኮሌስትሮሌን ልታይ» ብሎ የሚወጣ ሰው ከሦስት አገልግሎቶች አንዱን ይገዛል። አንደኛው ጠቅላላ ኮሌስትሮልን ብቻ የሚለካው ርካሽ ምርመራ ነው። ሁለተኛው አራቱን ቁጥሮች፣ ማለትም ጠቅላላ ኮሌስትሮልን፣ «ጥሩ» የሚባለውን ኤችዲኤልን፣ «መጥፎ» የሚባለውን ኤልዲኤልንና ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የደም ስብ አንድ ላይ የሚያወጣው ሊፒድ ፕሮፋይል ነው። ሦስተኛው ጣት ተበስቶ በትንሽ መሣሪያ ወዲያው የሚነበበው ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ገንዘብ የሚገባው ሁለተኛው ነው። እሱም ሙሉ ዋጋውን የሚያወጣው ሁለት ጊዜ ሲሠራ፣ በሁለቱ መካከልም እውነተኛ የአካል እንቅስቃሴ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ከወረቀቱ ላይ በእግር ጉዞ የሚወርደውን ቁጥርና ከእናት ወይም ከአባት የተወረሰውን ቁጥር ለይቶ ማየት ይቻላል። ይህን የሚያህል መልስ በዚህ ዋጋ የሚሰጥ ሌላ ምርመራ አናውቅም።

ርካሹ ለምን አይበቃም? የሁለት ሰዎች ጠቅላላ ኮሌስትሮል እኩል 240 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወጣ እንበል። አንደኛዋ ኤችዲኤሏ 85፣ ትራይግሊሰራይዷ 75 ነው፤ ኤልዲኤሏ 140 ይሆናል። ሁለተኛው ኤችዲኤሉ 35፣ ትራይግሊሰራይዱ 150 ነው፤ ኤልዲኤሉ 175 ይደርሳል። የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የሚከማቸው በኤልዲኤል የሚጓዘው ኮሌስትሮል ስለሆነ፣ የሁለቱ ሰዎች አደጋ አንድ አይደለም። ጠቅላላውን ብቻ የያዘ ወረቀት ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል «ከፍ ብሏል» ብሎ ይሸኛቸዋል።

የአገልግሎቱ ጥራት የሚታወቀው ገና መርፌው ሳይወጣ ነው። ከሳቢያን እስከ ከዚራ በእግሩ የመጣ ሰው ደም ከመስጠቱ በፊት ቢያንስ 5 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማረፍ አለበት። ቆሞ የቆየ ሰው ከደሙ ውኃው ወደ ሕዋሳት መካከል ይወጣና ስብ ተሸካሚዎቹ ትልልቅ ቅንጣቶች ይጠጥራሉ፤ በተኛና በቆመ ሰው መካከል ያለው ልዩነት 10 በመቶ ገደማ ሊደርስ ይችላል። ክንድ ላይ የሚታሰረው ላስቲክም ከ1 ደቂቃ በላይ ከቆየ ተመሳሳይ ስሕተት ያመጣል። ባለሙያው ላስቲኩን አስሮ ቱቦ ፍለጋ ከሄደ፣ በትሕትና «ይፈታልኝና እንደገና ይታሰር» ማለት መብትዎ ነው። በድሬ ሙቀት ደግሞ የውኃ ነገር አለ። ለምርመራ ጾሞ መምጣት ማለት ከምግብ መጾም እንጂ ከውኃ መጾም አይደለም። ደም ከመስጠት በፊት ለ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል ምግብ አይበላም፣ ውኃ ግን እንደ ልብ ይጠጣል። ስኳር የገባበት ሻይም ቡናም አይፈቀድም።

መጾሙ ለምን እንዳስፈለገ ብዙ ሰው አይነገረውም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የአውሮፓ የዘርፉ ማኅበራት ለመጀመሪያ ማጣሪያ መጾም ግዴታ እንዳልሆነ ተስማምተዋል፤ ይህም ጠቅላላ ኮሌስትሮልና ኤችዲኤል ከአንድ ማዕድ በኋላ ብዙም ስለማይለወጡ ነው። ትራይግሊሰራይድ ግን ይለወጣል። ብዙ ላቦራቶሪዎች ኤልዲኤልን በቀጥታ አይለኩትም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመው የፍሪድዋልድ ቀመር ያሰሉታል። ቀመሩ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን፣ ከዚያም የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ጠቅላላው 230፣ ኤችዲኤሉ 40፣ ጾሞ የተለካው ትራይግሊሰራይድ 150 ከሆነ፣ 230 ሲቀነስ 40 ሲቀነስ 30፣ ኤልዲኤል 160 ይሆናል። ያው ሰው ትላንት ከሰዓት በርጫ ላይ ቆይቶ፣ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቶ፣ ማታ በጨብሲ ዘግቶ ጠዋት ቢመጣ ትራይግሊሰራይዱ 300 ሊሆን ይችላል። ስሌቱ አሁን 230 ሲቀነስ 40 ሲቀነስ 60 ነው፤ ኤልዲኤል 130። ጫማው ሳይነቃነቅ፣ አንድ እንክብል ሳይውጥ፣ ኤልዲኤሉ 30 ነጥብ «ወረደ»። ይህ የውሸት እፎይታ ነው፣ ሰውንም ይጎዳል።

ስለዚህ ወረቀቱን ሲቀበሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንድ፣ ኤልዲኤሉ በመሣሪያ ተለክቶ ነው ወይስ ተሰልቶ? ሁለት፣ ትራይግሊሰራይዱ ከ400 በላይ ሆኖ ሳለ የተሰላ ኤልዲኤል ለምን ተጻፈ? ከ400 በላይ ቀመሩ አይሠራም፤ ቦታው ባዶ መተው ወይም ኤልዲኤሉ በቀጥታ መለካት አለበት። ቁጥሩ 3.9 ወይም 5.2 የሚመስል ትንሽ ከሆነም አይደንግጡ፣ በሚሊ ሞል ተጽፏል ማለት ነው። ኮሌስትሮልን ወደ ሚሊ ግራም ለመቀየር በ38.67፣ ትራይግሊሰራይድን ለመቀየር በ88.57 ያባዙ። ሁለት ወረቀት በሁለት መለኪያ ይዞ «ኮሌስትሮሌ ከ200 ወደ 5 ወረደ» ብሎ መድኃኒት ማቆም እንዳይመጣ ይህ መታወቅ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ እንቅስቃሴ የትኛውን ቁጥር ይነካል?

በጣም የሚነካው ትራይግሊሰራይድን ነው። የሚሠራ ጡንቻ በደም ሥሮቹ ግድግዳ ላይ ሊፖፕሮቲን ላይፔዝ የሚባል ኢንዛይም ያበዛል፤ ኢንዛይሙ ትራይግሊሰራይድን ሰንጥቆ ለጡንቻው ነዳጅ ያደርገዋል። ውጤቱ ከአንድ ቀን ረዥም ጉዞ በኋላ እንኳ ለአንድ ለሁለት ቀን ይቆያል። ለዚህ ነው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ራስን ከማድከም ይልቅ ሳይቆራረጡ መሄድ የሚመረጠው። ለዚህም ነው ጠዋት ከጂም በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ መሄድ የማይመከረው፤ የሚለካው የዘወትር ኑሮዎ ሳይሆን የትላንቱ ሩጫ ይሆናል። ከከባድ ልምምድ በኋላ የጡንቻ ኢንዛይሞችም ደም ውስጥ ከፍ ስለሚሉ፣ አብሮ የጉበት ምርመራ የታዘዘለት ሰው ጉበቱ የታመመ ወይም መድኃኒቱ የጎዳው ይመስላል። ከምርመራው በፊት 48 ሰዓት ከከባድ ስፖርት ይረፉ።

ኤችዲኤል ይነሣል፣ ግን በትንሹ። ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ አማካዩ ጭማሪ 2.5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ለዚህም በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። ከፍጥነቱ ይልቅ የሚሄዱት መጠን ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በሳምንት ወደ 32 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሶምሶማ የሠሩት ሰዎች ከሁሉ የተሻለ ለውጥ እንዳሳዩ አግኝቷል። ጥቂት የሄዱት ግን በፍጥነትም ሄዱ በዝግታ ያገኙት ለውጥ ያነሰ ነበር። ክብደታቸው ብዙም ሳይቀንስ ለውጡ መምጣቱ ደግሞ «ካልከሳሁ ምን ዋጋ አለው» ለሚል ሰው ጥሩ ዜና ነው።

ኤልዲኤል ግን ግትር ነው። በእንቅስቃሴ ብቻ የሚወርደው ጥቂት በመቶ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይወርድም። የቅንጣቶቹ መጠን ከትንንሽና ጥቅጥቅ ካሉት ወደ ትልልቆቹ ሊያዘነብል ይችላል፤ ተራው ሊፒድ ፕሮፋይል ይህን አያሳይም። ኤልዲኤልን በምግብ በኩል የሚነኩት የረጋ ዘይት፣ ቅቤና የሰባ ሥጋ ናቸው። ሳይጠለል የሚጠጣ የፈላ ቡናም አለ፤ ካፌስቶል የሚባለው የቡናው ዘይት ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል፣ የወረቀት ማጣሪያ ደግሞ ይይዘዋል። በሐረርጌ ቡና ተው ለማለት ድፍረቱ የለንም። ኤልዲኤሉ ከፍ ያለ፣ በቀን ብዙ ስኒ ከጀበና የሚጠጣ ሰው ግን ለሦስት ወር በወረቀት እያጠለለ ቢሞክር ልዩነቱን ወረቀቱ ላይ ሊያየው ይችላል።

ሁለት ሰው እኩል ሄዶ እኩል አያገኝም፤ ይህም የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ሄሪቴጅ በተባለው የቤተሰብ ጥናት ወላጆችና ልጆች ለ20 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን በቆመ ብስክሌት ላይ በክትትል ሠርተው ነበር። አማካዩ የኤችዲኤል ጭማሪ 3.6 በመቶ ገደማ ነው፤ ውስጡ ሲታይ ግን አንዳንዱ ብዙ ጨመረ፣ አንዳንዱ ምንም፣ አንዳንዱም ቀነሰ። የአንድ ቤት ሰዎች ምላሽ እርስ በርሱ ይቀራረብ ነበር። ዘር የሚወስነው መነሻውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሰውነት ለስፖርት የሚሰጠውን መልስ ጭምር ነው ማለት ነው። ኤልዲኤልን በተመለከተ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር እንደሚመጣ የመንትዮች ጥናቶች ያሳያሉ። አብዛኛው የሚመጣው እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ከሚጨምሩ ብዙ ዘረመሎች ነው። አንዳንዱ ግን ከአንድ ዘረመል ይመጣል፤ ይህ ምርመራ ሕይወት የሚያድነውም እዚህ ላይ ነው።

በዘር የሚተላለፈው ከፍተኛ ኮሌስትሮል በዓለም ዙሪያ ከ250 እስከ 300 ሰው አንዱን ይነካል። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚያነሣው ላዩ ላይ ባሉት ተቀባዮች ነው፤ ብራውንና ጎልድስታይን ይህን አሠራር በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከአንድ ወላጅ የተበላሸ የተቀባይ ዘረመል የወረሰ ሰው ያለው ግማሽ ያህል የሚሠራ ተቀባይ ነው። ከተቀባዩ ሌላ አፖቢ የተባለው ዘረመል ሲበላሽ፣ ወይም ፒሲኤስኬ 9 የተባለው ከልክ በላይ ሲሠራም ተመሳሳይ ችግር ይመጣል። ሰውየው ቀጭን ሊሆን ይችላል፤ ኳስ ተጫዋች ሊሆን ይችላል፤ ዓመቱን ሙሉ ሽሮ ሊበላ ይችላል። ኤልዲኤሉ ግን 230 ነው፣ ከልጅነቱም ጀምሮ እንዲሁ ነበር። ሩጫ የጠፋውን ተቀባይ አይሠራለትም። እንዲህ ያለውን ሰው «ስፖርት ሥራ፣ ሥጋ ቀንስ» ብሎ ብቻ መሸኘት በደል ነው፤ ሰውየው ይሠራል፣ ይቀንሳል፣ ቁጥሩ ግን አይነቃነቅም፤ በመጨረሻም ራሱን ወቅሶ ምርመራውን ይተዋል።

ይህን ለመጠርጠር የዘረመል ምርመራ አያስፈልግም። አዋቂ ሆኖ ኤልዲኤል 190 ወይም ከዚያ በላይ፣ ሁለት ጊዜ ተለክቶ፣ ሌላ ምክንያት ሳይገኝለት ሲቀር ጥርጣሬው ጠንካራ ነው። የተረከዙን ጅማት በጣትዎ ይዳስሱ፤ ወፍሮና ጎርበጥባጣ ከሆነ ስብ ተከማችቶበታል። በእጅ ጣቶች ጅማት ላይም እብጠት ይፈለጋል። ከ45 ዓመት በፊት በዓይን ብሌን ጠርዝ ላይ ነጭ ግራጫ ቀለበት ከታየ ምልክት ነው። ከዚያ የቤተሰብ ጥያቄ ይመጣል፤ ከ55 ዓመት በፊት የልብ ቧንቧው ተዘግቶ ድንገተኛ የልብ ሕመም ያገኘው አባት፣ ወንድም ወይም አጎት አለ? ከ60 በፊትስ እናት፣ እኅት ወይም አክስት? «ድንገት ወድቆ ሞተ» የተባለ ዘመድ ካለ በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ስለሆነ የአንዱ ወረቀት የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ነው። የአጎትና የአክስት ልጆች በሚጋቡበት ቤተሰብ ደግሞ ልጅ ከሁለቱም ወገን ሊወርስ ይችላል። ያኔ ኤልዲኤል ከ400 ያልፋል፣ በልጅነት ቆዳ ላይ ቢጫ እብጠት ይወጣል፣ የልብ ቧንቧም ገና በወጣትነት ይዘጋል። ክርን ወይም ጉልበት ላይ እንዲህ ያለ እብጠት ያለበት ሕፃን ካለ ነገ ሳይባል ደሙ ይታይ።

ዘር በሌላም በኩል ይሠራል። የፒሲኤስኬ 9 ዘረመላቸው አንዱ ቅጂ ከተወለዱ ጀምሮ የማይሠራ ጥቁር አሜሪካውያን ኤልዲኤላቸው ከሌላው በ28 በመቶ ያነሰ፣ የልብ ቧንቧ ሕመማቸው ደግሞ በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። ዕድሜ ልክ ዝቅ ብሎ የቆየ ኤልዲኤል በ50 ዓመት ከተጀመረ ሕክምና ይልቅ ብዙ ይከላከላል ማለት ነው። ይህ ሁሉ በወጣትነት መመርመርን ይደግፋል።

እንግዲህ አገልግሎቱን እንዲህ ይጠቀሙበት። የመጀመሪያውን ምርመራ ያሠሩ። ከዚያ 12 ሳምንት በሳምንት አምስት ቀን ይሂዱ። እየሄዱ ማውራት የሚቻል፣ መዝፈን ግን የማይቻል ፍጥነት በቂ ነው። በድሬዳዋ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ የከዚራ ጥላማ መንገዶች ይመረጣሉ፤ በግንቦትና በሰኔ በቀትር መውጣት ለልብ ሸክም እንጂ ጥቅም የለውም። ሐረር ከፍታዋ ወደ 1,900 ሜትር ስለሆነ አየሩ ይረዳል። የጀጎል ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በውጭ በኩል በቀን ሁለት ዙር፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት 35 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከላይ ከጠቀስነው መጠን ጋር ይቀራረባል። ጫት የሚይዝ ሰው ከምርቃና ጋር ሩጫን አያጣምር፤ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በርጫው ላይ ያለውን ለስላሳ በውኃ መተካት ብቻውን ትራይግሊሰራይድን ሊያወርድ ይችላል። ሲሄድ ደረቱን የሚጨመድደው ሰው ደግሞ ጉዞውን አቁሞ መጀመሪያ ሐኪም ይይ።

ሁለተኛውን ምርመራ በዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው የቀኑ ሰዓት፣ በዚያው የመጾም ሁኔታ ያሠሩ። ወቅቱን መምረጥ እዚህ አገር ወሳኝ ነው። የመጀመሪያው በዐቢይ ጾም መጨረሻ፣ ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ከሆነ የሚያነጻጽሩት 55 ቀን ከቅቤና ከሥጋ መራቅን ከዶሮ ወጥ ጋር ነው። በረመዳን ደግሞ ከሱሁር በኋላ 9 ሰዓት የሚሞላው ከቀትር በኋላ ነው፤ ያኔ ውኃ ያልገባበት ደም ጠጥሯል። አጣዳፊ ካልሆነ ከዒድ በኋላ ጥቂት ሳምንት ይቆዩ። ወባ፣ ዴንጊ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት ያለፈበት ሰው ኮሌስትሮሉ ለጊዜው ዝቅ፣ ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ይላል፤ እስከ 8 ሳምንት ይታገሥ። እርጉዝ ሴት በተፈጥሮ ከፍ ስለሚልባት ከወሊድ በኋላ ትለካ።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያነቡ መለዋወጥ የተለመደ መሆኑን አይርሱ። በአንድ ሰው ላይ እንኳ ኤልዲኤል ያለ ምክንያት በ8 በመቶ ያህል፣ ትራይግሊሰራይድ በ20 በመቶና ከዚያ በላይ ይወዛወዛል። ኤልዲኤል ከ170 ወደ 162 ቢወርድ ከበሮ አይመታም። ትራይግሊሰራይድ ከ240 ወደ 150 ከወረደ ግን እግሮችዎ ሠርተዋል፣ ይቀጥሉ። ትራይግሊሰራይድ ወርዶ፣ ኤችዲኤል ትንሽ ተነሥቶ፣ ኤልዲኤል ከ190 በላይ ተተክሎ ከቀረ፣ ሰውየው የሚችለውን አድርጓል፤ የቀረው የዘር ድርሻ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ፣ የሽንት ፕሮቲንና የስኳር ምርመራ ያዝዛል፤ የታይሮይድ መድከምና የኩላሊት ሕመም ይህንኑ መልክ ይይዛሉና። እነሱ ንጹሕ ከሆኑ ሕክምናው ስታቲን የሚባለው ኮሌስትሮል አውራጅ እንክብል ነው። አቶርቫስታቲን 40 ወይም 80 ሚሊ ግራም ኤልዲኤልን በግማሽ ገደማ ያወርዳል፤ ይህን ያህል የሚያወርድ የእግር ጉዞም ሆነ ምግብ የለም። ለማርገዝ የምታስብ ሴት ከመጀመሯ በፊት ለሐኪሟ ትናገር። ስታቲን የሚወስድ ሰው መሄዱን አያቁም፤ የደም ግፊትንና የስኳርን ነገር እንክብሉ አይሠራለትም።

የጣት መውጊያ መሣሪያዎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። ለዘመቻ ማጣሪያ ይሆናሉ፤ ለዚህ ዓይነቱ ንጽጽር ግን አይበቁም። ደም እንዲወጣ ጣት ሲጨመቅ የሕዋስ ውኃ ይቀላቀልና ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ብዙዎቹ ስትሪፖች (ደሙ የሚንጠባጠብባቸው የመሣሪያው ቁራጮች) ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለባቸው፤ በድሬዳዋ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ የዋለ ቆርቆሮ የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም። መሣሪያውን ከመጠቀምዎ በፊት የስትሪፑን ማብቂያ ቀንና የተቀመጠበትን ቦታ ይዩ።

አገልግሎቱ በጣም የሚጎድለው ከወረቀቱ በኋላ ነው። «ከፍተኛ» የሚል ምልክት ታትሞ፣ ስለ ቤተሰብ አንድም ጥያቄ ሳይቀርብ ፋይሉ ይዘጋል። ይህን ላቦራቶሪው ባያደርገው እርስዎ ያድርጉት። ከወረቀቱ ጀርባ ላይ ስንት ሰዓት እንደጾሙ፣ በዚያ ሳምንት ስንት ቀን እንደሄዱ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ ከቤተሰብ በልብ ሕመም የተያዘ ወይም የሞተ ሰው ካለ በስንት ዓመቱ እንደሆነ ጽፈው ለሐኪምዎ ይስጡ። ኤልዲኤልዎ ከ190 በላይ ሆኖ ከጸና ወንድም እኅቶችዎንና ልጆችዎን ያስመርምሩ። ልጅ ከሆነ ትልቅ ሰው እስኪሆን አይጠበቅም፤ በቤተሰቡ ይህ በሽታ ከታወቀ ምርመራው ከ2 ዓመት ዕድሜ በኋላ ሊሠራ ይችላል፣ የልጅ ኤልዲኤል ደግሞ 160 ከደረሰ የሕፃናት ሐኪም ሊያየው ይገባል።